ከኦፕራሲዮን በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የተሰጠኝ ማደንዘዣ ስሙ ምንድን ነው?»



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ። «ዶክተር፣ እናቴ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፤ በጋዝ የሚሰጠው ማደንዘዣ ጉበት ይጎዳል ይባላል፣ እውነት ነው?» «ልጄ ሳይነቃ ቢቀርስ?» «ማደንዘዣ ያጃጅላል ሲሉ ሰማሁ፣ ምን ይሻለኛል?» ለብዙዎቻችሁ በአጭሩ መልሻለሁ። ዛሬ ግን ሰፋ አድርጌ፣ የራሴንም አቋም ጨምሬ ልጻፍ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ የጎንዮሽ ጉዳት አለው። አብዛኛው ቀላልና በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ በጣም ጥቂቱ ግን ሕይወት ይቀጥፋል። ከዚያ ጥቂቱ ለመዳን ከሚረዱን ነገሮች አንዱ ምንም ወጪ የለውም። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ ባለፈው ጊዜ ምን ተሰጠ፣ ከዚያስ በኋላ ምን ተከተለ? ይህች መስመር በአብዛኞቻችሁ እጅ የለችም። ጽፈን ያልሰጠናችሁ ደግሞ እኛው የሕክምና ባለሙያዎች ነን።

ለምን እንዲህ እንደምል አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ።

የቆሰበሯ እናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከቆሰበር አካባቢ የመጡ፣ ዕድሜያቸው በሃምሳዎቹ ውስጥ የሆነ እናት ለማህፀን መውጣት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር። አማርኛ እምብዛም አይናገሩም፤ ቋንቋቸው አዊኛ ነው። የምታስተረጉምልን ልጃቸው ነበረች። የተለመዱትን ጥያቄዎች ጠየቅን። ስኳር አለብዎት? የለም። ግፊት? የለም። አስም? የለም። ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ? «አዎ፣ እንቅርት ወጥቶላታል። ሁለት ወር ገደማ ቢሆነው ነው፤ ሌላ ሆስፒታል።» ያኔ የገጠማቸው ችግር ነበር? «ምንም።»

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ልንገባ ስንል ልጅቷ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም እንጂ… እናቴ ያኔ እንቅርቱ ከወጣላት በኋላ የወፍ በሽታ ይዟት ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ምግብ አስጠልቷት፣ ሽንቷ እንደ ቡና ጠቁሮ። ጸበል ወስደናት ነው ቀስ እያለ የተሻላት።»

«እህቴ፣ ቅድም ስንጠይቃችሁ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ከኦፕራሲዮኑ ጋር ይገናኛል ብለን አላሰብንም እኮ።»

እውነቷን ነው። እንዴት ብላ ታስብ? ማንም አልነገራት።

ገታ አልንና ወረቀታቸውን አየን። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት ላይ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት አለ፤ የታዘዘው መድኃኒት አለ፤ የቀጠሮ ቀን አለ። የማደንዘዣው ስም ግን የለም። ስልክ ደወልን፤ የዚያን ቀን ካርዱ ሊገኝ አልቻለም። እንግዲህ ምን እናድርግ? ኦፕራሲዮኑ አስቸኳይ ስላልነበር ወደ ሌላ ቀን አዛወርነው። የጉበት ምርመራ አዘዝን፤ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራም ተሠራ። በኋላም ጋዝ ሳንጠቀም በወገብ ማደንዘዣ ሠራንላቸው። እናታችን በሰላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ያ ቢጫነት ከማደንዘዣው ይሁን ከሌላ ነገር ዛሬም አልታወቀም። ለማወቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገን የመድኃኒቱ ስም ነበር፤ እሱ ደግሞ አልተጻፈም። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ባትጠራኝስ ኖሮ? ይህ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለመሆኑ ይሄ «ጋዝ» ምንድን ነው?

ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በደም ስር በሚገባ መድኃኒት ትተኛላችሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፉን ይዞ የሚያቆየው ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሳንባ የሚገባው ትነት ነው። ሕፃናትን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም በማስክ እያስተነፈስን እናስተኛቸዋለን። መድኃኒቱ በጠርሙስ ሲመጣ ፈሳሽ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለው ቬፖራይዘር የሚባል ዕቃ ወደ ትነት ይለውጠዋል። የማደንዘዣ ባለሙያው መጠኑን በየደቂቃው ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሲያቆመው በሳንባችሁ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ እናንተም ትነቃላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኤተር ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም አንድን ታካሚ በኤተር አስተኝቶ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያው የአንገት እብጠት ሲያወጣለት ሕዝብ አየ። ከዚያ በፊት ኦፕራሲዮን ማለት ሰውን አስሮና ይዞ እየጮኸ መቅደድ ነበር። ስለዚህ ስለ ማደንዘዣ ጉዳት ስናወራ ያለ ማደንዘዣ የነበረውንም አንርሳ።

ኤተር በእሳት በቀላሉ የሚያያዝና ብዙ የሚያስመልስ ስለነበር ሌላ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1951 ቻርለስ ሳክሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ሃሎቴንን ሠራ፤ በ1956 ደግሞ ለታካሚዎች መሰጠት ጀመረ። እሳት አይዝም፣ ሽታው አይከረፋም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ለረጅም ዓመታት ዋናው የትንፋሽ ማደንዘዣ እሱ ነበር። አሁን አይሶፍሉሬን በብዛት ገብቷል፤ በአንዳንድ ቦታ ሴቮፍሉሬንም አለ። ሀብታም አገሮች ሃሎቴንን ትተውታል። የተውበትን ምክንያት ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው የሚገጥመው

መጀመሪያ ቀላሎቹን እንያቸው።

ማቅለሽለሽና ማስመለስ፦ ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው 10 ሰዎች በግምት 3ቱን ያጋጥማቸዋል። ሴቶችን፣ ሲጋራ የማያጨሱትን፣ ባለፈው ኦፕራሲዮን ያስመለሳቸውንና መኪና ላይ የሚያጥወለውላቸውን ሰዎች ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ ከቆሰበር ባሕር ዳር እስክትደርሱ ፌስታል ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ንገሩን። አስቀድመን የምንሰጠው መድኃኒት አለ።

ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፦ ጋዙ ሰውነት ሙቀቱን የሚጠብቅበትን ሥርዓት ያላላዋል። የቆሰበርን ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደጋ ላይ ያለ ታካሚ ሲነቃ ጥርሱ ቢፋጭ አይግረማችሁ። ወፍራም ብርድ ልብስና ካልሲ ይዛችሁ ኑ።

የጉሮሮ መከርከር፦ ይሄ ከጋዙ ሳይሆን ለመተንፈሻ ከምናስገባው ቱቦ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

የደም ግፊት መውረድና የትንፋሽ መቀነስ፦ ሁሉም የትንፋሽ ማደንዘዣዎች በመጠኑ ይህን ያደርጋሉ። ባለሙያው ከራስጌያችሁ የማይነሳው ለዚህ ነው።

መደናገር፦ ሕፃናት ሲነቁ ለጥቂት ደቂቃ ሊያለቅሱና ሊፈራገጡ ይችላሉ። አረጋውያን ደግሞ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ግራ ሊጋቡ፣ ሌሊት ከአልጋ ልውረድ ሊሉ ይችላሉ። ቤተሰብ «አባታችንን አጃጃሏቸው» ብሎ ይደነግጣል። በአብዛኛው የሚያልፍ ነው። የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ሆኖ በራሳቸው ቋንቋ ሲያናግራቸው፣ መነጽራቸው ሲደረግላቸው፣ ቀንና ሌሊቱ ሲነገራቸው ቶሎ ይመለሳሉ። ካልተመለሱ ግን ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ችግር ሊኖር ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ።

የደም መፍሰስ፦ ጋዙ ማህፀንን ስለሚያላላ በወሊድ ኦፕራሲዮን ጊዜ መጠኑ ከበዛ ደም ያበዛል። ባለሙያው መጠኑን የሚቆጥበው፣ በተቻለ መጠንም የወገብ ማደንዘዣ የሚመርጠው አንድም ለዚህ ነው።

«ምስጢር አወጣለሁ ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፦ ሰው ሲነቃ አንዳንዴ ይቀባጥራል፤ ቢቀባጥርም የሰማነው እዚያው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ኦፕራሲዮን አታስቀሩ።

ጉበትና ሃሎቴን

አሁን ወደ ከባዶቹ እንግባ። «ጉበት ይጎዳል» የሚለው ወሬ መሠረት አለው፤ ግን ሙሉው እውነት ሲነገር አይሰማም።

ወደ ሰውነት ከገባው ሃሎቴን እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ጉበት ውስጥ ይሰባበራል። ከሴቮፍሉሬን ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ከአይሶፍሉሬን ደግሞ 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሃሎቴን ሲሰባበር የሚቀረው ነገር ከጉበት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። በአንዳንድ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ይህን የተለወጠ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይመዘግበዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሰላም ያልፋል፣ ወይም ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ቢጫነት ብቻ ይታያል። መከላከያው ግን አልረሳም። ሰውየው ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ጋዝ በድጋሚ ሲያገኝ የራሱ መከላከያ ጉበቱን ሊያጠቃ ይችላል።

ይህ ከባዱ ዓይነት የሚደርሰው በአዋቂዎች ከ6,000 እስከ 35,000 ታካሚዎች በአንዱ ላይ እንደሆነ ይገመታል። በሕፃናት ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ሴቶችና ወፍራም ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከደረሰ ግን ብዙዎቹ አይተርፉም። በሌላ በኩል በአሜሪካ በ34 ሆስፒታሎች ከ850,000 በላይ ማደንዘዣዎችን የመረመረው ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ፣ በጠቅላላ የሞት ቁጥር ሃሎቴን ከሌሎቹ የባሰ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ሁለቱም እውነት ነው። ለአብዛኛው ሰው ደህና መድኃኒት ነው፤ ለጥቂቱ ሰው ግን ሁለተኛው ጊዜ አደገኛ ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝ የመድኃኒት ደህንነት ባለሥልጣናት ለሐኪሞች ያወጡት ምክር ቀላል ነበር። ሃሎቴን የወሰደ ሰው፣ የግድ ካልሆነ በስተቀር፣ በ3 ወር ውስጥ አይደገምለት። ከወሰደ በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ ቢጫነት ወይም ትኩሳት የታየበት ሰው ከነጭራሹ አይደገምለት።

አሁን የቆሰበሯን እናት መልሳችሁ አስቧቸው። ሁለት ወር። ቢጫ ዓይን። ሽንት እንደ ቡና። ምክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተምረነዋል፤ ተፈትነንበታል። ነገር ግን በምን ላይ እንሥራው? ባለፈው ምን እንደተሰጣቸው ካላወቅን «ሃሎቴን ከሆነ አትድገሙ» የሚለው ምክር በእጃችን ላይ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን የተለመደውን መንገድ አስቡ። አንድ ሰው ዳንግላ ወይም ቆሰበር ይታከማል፤ ከበድ ሲል ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይላካል፤ አቅም ያለው አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ይሄዳል። ሕመምተኛው ይጓዛል፤ ካርዱ ግን በየሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በየደረሰበት አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ታሪክ። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አብሮ የሚሄደው ሕመምተኛው ራሱ የሚያስታውሰውና ኪሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የቤተሰብ ታሪክ የሕይወት ጉዳይ ሲሆን

ሁለተኛው ከባድ ነገር በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ ነው። በሕክምና ቋንቋ «ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ» ይባላል። ሰውየው በጤናው ምንም የለበትም። የትንፋሽ ማደንዘዣ ወይም ሱክሳሜቶኒየም የሚባለው ጡንቻ ማላሊያ ሲሰጠው ግን ጡንቻዎቹ ይገትራሉ፣ ልቡ ይፈጥናል፣ የሰውነቱ ሙቀት እንደ እሳት ይነዳል።

ይህ በሽታ የታወቀበት መንገድ አስገራሚ ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ አንድ የ21 ዓመት ተማሪ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ከስብራቱ ይልቅ ያስፈራው ማደንዘዣው ነበር። «ከዘመዶቼ 10 ሰው በኤተር ሞቷል» አለ። ሐኪሞቹ ሰሙት፤ ኤተሩን ትተው ያኔ አዲስ የነበረውን ሃሎቴን ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ግፊቱ ወረደ፣ ልቡ ፈጠነ፣ ሰውነቱ ጋለ። ስለ ቤተሰቡ ስለሰሙ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቁት ነበርና ወዲያው ማደንዘዣውን አቁመው በበረዶ አቀዘቀዙት። ተረፈ። ዴንቦሮው እና ሎቬል የተባሉ ሐኪሞች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1960 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ዓለም ስለዚህ በሽታ የተማረው አንድ ወጣት የቤተሰቡን ሐዘን ሳይደብቅ ስለተናገረ ነው።

በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ግምቶቹ ከ10,000 እስከ 250,000 ማደንዘዣ አንዴ ይላሉ። ግን ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ማርከሻው ዳንትሮሊን የሚባል መድኃኒት ነው፤ እሱ ከመጣ በኋላ በሀብታም አገሮች የሚሞተው ሰው ቁጥር ከ10 በመቶ በታች ወርዷል፤ ቀድሞ ከ10 ሰው 7 እና 8ቱ ይሞቱ ነበር። እንደኛ ባለ አገር ማርከሻው እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ ለኛ የሚበጀን አስቀድሞ ማወቅና ጋዙን ጭራሽ አለመጠቀም ነው።

እስኪ ወደ ቤታችን እናምጣው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ምን ያህል ወጣት ፈረስ ላይ እንደሚወጣ አይታችኋል። ከመካከላቸው አንዱ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ቢመጣና «አጎቴ ኦፕራሲዮን ላይ ሞቷል» ቢል፣ እኛ «ዕድሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን እናልፈዋለን? ወይስ ቁጭ ብለን «መቼ? ምን ሲሆን? ሰውነቱ ግሎ ነበር? ተገትሮ ነበር?» ብለን እንጠይቃለን? በኛ ባህል ሞትን ማንሳት ሟርት ይመስላል። ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ያለ ሰው ፊት የሞተ ዘመድ ማንሳትማ ይበልጥ ይከብዳል። ሟርት መስሏችሁ አትደብቁን። ለብቻችን ጠርታችሁ ንገሩን፤ እንደዚያች ልጅ ኮሪደር ላይም ቢሆን።

የምትደብቁን ሌሎች ነገሮች

ሳንቆጣችሁ እንነጋገር።

ምግብ፦ «ባዶ ሆዷን እንዴት ትገባለች» ብላችሁ ጠዋት በሶ ወይም አጥሚት ታጠጣላችሁ። ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ጋዙ ሲያስተኛ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ይሄ ይገድላል። ሥጋና ቅባት ያለው ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ንጹህ ውኃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። አጥሚት ምግብ ነው። ጠላም ውኃ አይደለም። በስህተት ከበላችሁ ደግሞ ንገሩን፤ ቀጠሮ ማራዘም ቀብር ከመሄድ ይሻላል።

ጫትና አረቄ፦ ጫት ልብን የሚያፋጥኑ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሃሎቴን ደግሞ ልብ ለእንደዚህ ያለ ግፊት በቀላሉ እንዲናወጥ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። አረቄ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ጉበቱም የማደንዘዣ መጠኑም ከሌላው ሊለይ ይችላል። እኛ የምንጠይቀው ለስብከት አይደለም፤ መጠን ለማስተካከል ነው።

የባህል መድኃኒት፦ ለወፍ በሽታ፣ ለኪንታሮት፣ ለሆድ ትል የጠጣችሁት ቅጠልና ሥር ካለ ተናገሩ። አንዳንዱ ጉበት ይነካል።

ጭስ፦ በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ በኩል፣ ከሰል አክስለው የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። በጭስ የተጎዳ መተንፈሻ ጋዙ ሲገባ ሊቆጣና ሊጠብ ይችላል። የቆየ ሳል ካለ ከኦፕራሲዮኑ ቀን በፊት እንወቀው።

«ሰውን ታስፈራራለህ»

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «የጎንዮሽ ጉዳት ከዘረዘርክ ሰው ኦፕራሲዮን ይሸሻል። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ የደረሰ ሰው ጋዝ ፈርቶ ቤቱ ይሞታል።» ስጋቱ ተገቢ ነው። ኦፕራሲዮን በመፍራት ዘግይተው የመጡ ስንት ሰዎች አይቻለሁ። ለዚህ ነው በግልጽ የምለው፦ ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል ካለህ፣ ከጋዙ ይልቅ መዘግየቱ ነው የሚገድልህ። በተለይ በድንገተኛ ሕመም።

ነገር ግን ዝምታችን ፍርሃትን አጥፍቶት ያውቃል? እኛ ዝም ስንል ሰው ወሬውን ከጎረቤትና ከቲክቶክ ይሰማል። የሚሰማው ወሬ ደግሞ አስፈሪ ነው፤ መፍትሔውን አብሮ አይሰማም። «ጉበት ይጎዳል» የሚለውን ይሰማል፤ «ቢጫ ከሆንክ ተመለስ፣ ሁለተኛ አትድገም» የሚለውን አይሰማም። እኔ እንደማየው የሚያረጋጋው ጠንካራ እውነት ነው፤ ሰዉ ከምናስበው በላይ ይሸከመዋል።

ሁለተኛው መልስ «ጊዜ የለንም» ነው። ይሄም እውነት ነው። በአገራችን አብዛኛውን ማደንዘዣ የሚሰጡት አንስቴቲስቶች ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ፤ አንዱ ከአንዱ ታካሚ ሳያርፍ። ምስጋናም ብዙ አያገኙም፤ ታካሚው የቀዶ ሐኪሙን ስም እንጂ የእነሱን አያውቅም። እኔ አዲስ ቅጽ ሙሉ አልልም። በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚሞሉት የማደንዘዣ መዝገብ አለ፤ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ላይ አንድ መስመር ወደ መውጫ ወረቀቱ ይሻገር ነው የምለው። «ሃሎቴን፣ ያለ ችግር።» ወይም «አይሶፍሉሬን፤ ቱቦ ለማስገባት አስቸጋሪ ነበር።» ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ስለ አለርጂ፣ ስለ መተንፈሻ ችግርና ስለ ደም መፍሰስ እንድንጠይቅ ያዛል። ጤና ሚኒስቴርም ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት አገራዊ ዕቅድ አውጥቶ ብዙ ሠርቷል። እነዚህ ሁሉ የሚያተኩሩት ታካሚው ክፍሉ ውስጥ ባለበት ሰዓት ላይ ነው። እኔ የምለው ታካሚው በር ላይ ሲወጣ ስላለው ነገር ነው። የቀጣዩ ኦፕራሲዮን ደህንነት የሚጀምረው እዚያ ነው።

እናንተ ዛሬ ማድረግ የምትችሉት

ሆስፒታሎች እስኪያስተካክሉት አትጠብቁ። ይህን የምታነቡት በስልክ ነው፤ ስልኩ ራሱ መፍትሔ ነው።

1. ኦፕራሲዮን ሆናችሁ ስትወጡ «የተሰጠኝ ማደንዘዣ ስሙ ምንድን ነው? ችግር ነበረው?» ብላችሁ ጠይቁ። በትህትና ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ወረቀት ላይ እንዲጻፍላችሁ ለምኑ።

2. ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ለአንድ የቤተሰብ አባልም ላኩለት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

3. ከኦፕራሲዮን በኋላ እስከ 4 ሳምንት ድረስ የዓይን መቢጨት፣ የሽንት መጥቆር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ወይም ጠንካራ የምግብ ጥላቻ ከመጣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ምርመራውን አታስቀሩ። ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበር» ይሁን።

4. በቤተሰባችሁ ውስጥ ኦፕራሲዮን ላይ የሞተ ወይም ከማደንዘዣ በኋላ ክፉኛ የታመመ ሰው ካለ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት። ራሳችሁ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ በሰላም ወስዳችሁ ቢሆንም ተናገሩት፤ ያለፈው ሰላም ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም።

5. እናትና አባታችሁ አማርኛ የማይችሉ ከሆነ የሚያስተረጉም ሰው አብሯቸው ይግባ። «ምንም የለባትም» ብላችሁ አታሳጥሩ። እነሱ ያሉትን ሁሉ፣ ትንሽ የሚመስለውንም ተርጉሙልን።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ታካሚ «ምን ነበር የተሰጠኝ?» ሲል ክስ አቀረበ ብላችሁ አትቆጡ። የሚቀጥለው ባልደረባችሁ በጨለማ እንዳይሠራ እየረዳችሁ ነው። ነገ ሌላ ሆስፒታል ተልኮ የሚመጣው የእናንተው እናት ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ ከጥያቄዎቼ ውስጥ አንዱን ቀይሬዋለሁ። «ያለፈው ኦፕራሲዮን ችግር ነበረው?» ብዬ አላቆምም፤ ሰው ችግር የሚለው የሞት አፋፍ የደረሰውን ብቻ ነው። «ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ቤት ውስጥ ምን ሆኑ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚገርማችሁ፣ ብዙ የምሰማው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሚያክማችሁን ሐኪም ምክር አይተካም። ኦፕራሲዮን ሆናችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን እስኪ ኮሜንት ላይ መልሱልኝ፦ የተሰጣችሁን ማደንዘዣ ስም ታውቁታላችሁ? «አላውቅም» ብሎ መጻፍም መልስ ነው። ቀጠሮ ተይዞለት ለሚጠብቅ ወዳጃችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ጤናችሁ ይብዛ!